የኤልዳድ ማርክ

ኤልዳድ ሀይሌን የተዋወቅኩት ተናድጄበት ነው። ንዴቴም የዋዛ አልነበረም፤ ሰው መሀል ባይገባ ኖሮ አንቀው ነበር።

እኔ ንዋይ እባላለሁ። የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ያለችው ሌዊስቪል ነው፤ ዳያሊሲስ የሚያደርጉ የኩላሊት በሽተኞችን በቫን እያመላለስኩ ነው የምበላው። ከዚያ ውጭ ያለኝ ሥልጣን አንድ ብቻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን የእግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነኝ። እሱንም ማንም አልሾመኝም፤ ማልያዎቹ እኔ ጋራዥ ውስጥ ስለሚቀመጡ ነው። አንድ እሁድ አዲስ አባላት ሲተዋወቁ አንድ ቀውላላ ሰው ከሚስቱ ጋር ብድግ አለ። አስተዋዋቂው ወንድም፣ "ወንድም ኤልዳድና እህት ሰብለወርቅ ዋይሊ ከተማ ቤት ገዝተው ገብተዋል፤ ወንድማችን አውስትራሊያ ውስጥ በትልቁ ሊግ ፉትቦል ተጫዋች የነበረ ነው" አለ። ጉባኤው አጨበጨበ። እኔ ለማጨብጨብ ጊዜ አልነበረኝም፤ የመዝጊያው ጸሎት ሳያልቅ ከኋላው ሄጄ ቆምኩ።

"ወንድሜ፣ ቅዳሜ ፍሪ ነህ?" አልኩት።

"ፍሪ ነኝ፣ ግን እኔ የምጫወተው..."

"ግን የለም! ፉትቦል ተጫውተሃል፣ አልተጫወትክም?"

"ተጫውቻለሁ።"

"አበቃ!"

ሊያስረዳኝ ፈልጎ ነበር። አሁን ሳስበው ሁለት ሦስቴ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እኔ ግን ሰው ሲያስረዳኝ አልወድም። ቅዳሜ ጋርላንድ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ጋር ስንጫወት ቁመቱን አይቼ ተከላካይ አደረግኩት። ሲሮጥ ትንሽ ያነክሳል፤ ይሁን አልኩ። አንድ ለዜሮ እየመራን፣ ሊያልቅ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው፣ የማዕዘን ምት አገኙ። ኳሷ ወደ ላይ ወጣች። ኤልዳድ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ተንደርድሮ መጣና የገዛ ተከላካያችንን የይርጉን ትከሻ በጉልበቱ ረግጦ ወደ ላይ ወጣ። ወጣ ስላችሁ ወጣ ነው የምላችሁ! ከሰው ሁሉ ጭንቅላት በላይ ሆኖ ኳሷን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዛት። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኳሷን እንዳቀፈ ወረደና ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ፈገግ ብሎ ዳኛውን ያያል፤ ፊሽካ እስኪነፋለት።

በእጁ! የራሳችን ፔናሊቲ ክልል ውስጥ!

ፊሽካውስ ተነፋ። ፔናሊቲ፣ ቀይ ካርድ፣ በመጨረሻም ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ይርጉ ትከሻውን ሁለት ሳምንት አሸው። እኔ ያልተናገርኩት ነገር የለም፤ ከተናገርኩት ውስጥ ግማሹን በማግስቱ ንስሐ ገብቼበታለሁ። ኤልዳድ ፓርክ ያደረግንበት ድረስ ተከትሎኝ መጣና፣ "ጋሽ ንዋይ፣ ይቅርታ። ሰውነቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ኳስ ከላይ ስትመጣ ሰውነቴ ሌላ ነገር አያውቅም" አለኝ። አነጋገሩ እንደ ልጅ ነው፤ አማርኛው ገና በልጅነቱ የቀረ። ንዴቴ በአንዴ ሟሟ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ "ና፣ እኔ የምጫወተውን እይ" ብሎ ፍሪስኮ ከተማ ወሰደኝ። ሄጄ አየሁት፤ እናንተም እንድታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ለካስ የአውስትራሊያኖቹ ፉትቦል ሌላ ነው፤ ሜዳው ሞላላ ነው፤ ኳሷ እንደ ፓፓያ ረዘም ያለች ናት። ጎሉ አራት ቋሚ ብቻ ነው፤ መረብም በረኛም የለውም። በእግር ይመታሉ፣ በእጅ ይይዛሉ፣ ይጋጫሉ፣ ማንም ግን ቡጢ ተሰነዘረብኝ ብሎ አያለቅስም። ተጫዋቾቹ ግማሾቹ ፍሪስኮ ባለ ካምፓኒ ውስጥ የሚሠሩ አውስትራሊያኖች ናቸው፤ ግማሾቹ ዩቱብ ላይ አይተው የወደዱት የቴክሳስ ልጆች። አንዱ የመታትን ኳስ ሌላው መሬት ሳትነካ አየር ላይ ከያዛት ጨዋታው ለእሱ ይቆምለታል፤ ማንም አይነካውም፤ ተረጋግቶ ይመታል። የጨዋታው ጌጥ እሱ ነው።

ታዲያ ኳሷ ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ሜዳ ውስጥ ያለውም ዳር የቆመውም "ማርክ! ማርክ!" እያለ ይጮኻል። አውስትራሊያኖቹ "ማክ" ብለው ነው የሚያልፉት፤ ቴክሳሶቹ ግን "ር"ን አጥብቀው ይጠሯታል። እኔ ደነገጥኩ። አዛዥ ወታደሩን እንደሚያዘው፣ ያዝ፣ ማርክ! ኧረ በጌታ፣ እነዚህ ፈረንጆች አማርኛ የት ተማሩ?

ጨዋታው ሲያልቅ ይህንን ስነግረው ኤልዳድ ግራ ገባው።

"ማረከ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ማረከ አታውቅም? በጦርነት ጊዜ ጠላትን በሕይወት ያዘ ማለት ነው። ከተማ ማረከ፣ ታንክ ማረከ። ልብ ማረከም ይባላል፤ ለቆንጆ ልጅ። ማርክ ስትለው ደግሞ ያዝ፣ የራስህ አድርግ እያልክ ታዘዋለህ። አንተ ኳሷን ስትይዝ ማረክካት ማለት ነው።"

ሳቅ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ታኬታውን መፍታቱን ትቶ መሬት መሬት ያይ ጀመር። "ለአባቴ እንደዚህ ብዬ ባስረዳቸው ኖሮ" አለ። "እኔ ማወቅ የነበረብኝ ይሄን ቃል ነበር። እኛ ኳስ አየር ላይ መያዝን ነው ማርክ የምንለው፤ አባቴ የሚያውቁት ግን የትምህርት ቤቱን ማርክ ብቻ ነው።"

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ታሪኩን ነገረኝ። ነገረኝ ከማለት ጎትጉቼ አወጣሁት ብል ይሻላል።

የተወለደው አዲስ አበባ ነው። እናቱን አያስታውሳቸውም። አባቱ ጋሽ ሀይሌ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ መምህር ናቸው፤ ልጃቸው ስምንት ዓመት ሲሆነው ይዘውት ሜልበርን ገቡ። እዚያ የአስተማሪነት ወረቀታቸውን የሚቀበላቸው አልተገኘም። ጠመኔ የያዘው እጃቸው ጨርቅ ይዞ ባቡር አጸዳ። መንግሥት በሠራው ፎቅ አስራ ሁለተኛው ላይ ሁለት ክፍል ቤት ተሰጣቸው። ሰውየው ሁሉንም ነገር ዋጥ አድርገው አንድ ነገር ብቻ ያዙ፤ ይሄ ልጅ ይማራል። ሌላ ወሬ የለም። ከሥራ ሲገቡ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው "ማርክ ስንት አመጣህ?" ነው።

ልጁ ደግሞ ደብተር ፊት ሲቀመጥ እንቅልፉ ይመጣል። ዕድሜው አስር ላይ አንድ የስፖርት መምህር ያቺን ፓፓያ ኳስ ሰጠው። "እንዴት እንደምትነጥር አትታወቅም፣ ጋሽ ንዋይ። መሬት ከነካች ወዴት እንደምትሄድ ማንም አያውቅም፤ ፈረንጁም እኔም እኩል ነን። ሶ፣ መሬት ሳትነካ መያዝ ነው" አለኝ። አገሩንም ቋንቋውንም ገና አያውቅም፤ ኳሷን ግን አየር ላይ አወቃት።

አስራ አራት ዓመቱ ላይ፣ ፈተና በተመለሰበት ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሀይሌ በእረፍት ሰዓታቸው ከሥራ ቦታ ቤት ደወሉ።

"ማርክ ስንት አመጣህ?" አሉት።

እሱ ከሜዳ መግባቱ ነው፤ ጭቃው ከእግሩ አልለቀቀም። አባቱ ስለ ጨዋታው ጠይቀውት አያውቁም። ሰምተዋል ማለት ነው! ማን ነገራቸው? ልቡ ከደረቱ ልትወጣ ደረሰች።

"አስራ አንድ!" ብሎ ጮኸ።

"አስራ አንድ ከስንት?"

"ከስንት የለውም፣ አባዬ! ከክፍሉ ማንም ይህን ያህል አምጥቶ አያውቅም! መምህሩ ራሱ አቀፈኝ!"

ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋ። አያስቅም? እኔ መሪውን ይዤ ከት ብዬ ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀጠለ። አባቱ ማታ ገብተው ነገሩ የኳስ መሆኑን ሲረዱ ጭራሽ ባሰባቸው። ስለ ትምህርቱ ሲጠይቁት የተሳለቀባቸው መሰላቸው። ታኬታውን አንስተው፣ ኮሪደሩ ላይ ባለው የቆሻሻ ቱቦ ለቀቁት። "ፎቁን እየመታ ሲወርድ ድምፁን ሰምቼዋለሁ" አለኝ። አሁን አልሳቅኩም።

ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት ኳስ የሚባል አይነሳም። ልጁ ተጫወተ፤ ማልያውን ጓደኛው ቤት እያሳጠበ ተጫወተ። ትላልቆቹ ክለቦች ከመላው አገር ወጣቶችን የሚመርጡበት ቀን አለ፤ ድራፍት ይሉታል። አስራ ስምንት ዓመቱ ላይ ስሙ በቴሌቪዥን ተጠራ፤ ኤልዳድ ሀይሌ ተብሎ። አገር ሁሉ የጋሽ ሀይሌን ስም ሲሰማ ጋሽ ሀይሌ የባቡር መስኮት እየወለወሉ ነበር።

ትልቁ ክለብ ውስጥ አምስት ዓመት ቆየ። አብዛኛውን ጊዜ ከተጠባባቂዎች ጋር ነው፤ በዋናው ቡድን የተጫወተው አስራ አራት ጊዜ ብቻ። አስራ አራት ጊዜ ያ ሁሉ ሺህ ሰው አየው። ባለ ሱቁ፣ የጎረቤት ልጆች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁሉ መጥተው አይተውታል። አባቱ አንድም ቀን አልመጡም። "ነገ እጫወታለሁ፣ አባዬ" ሲላቸው "እግዚአብሔር ይርዳህ" ብለው ወደ መኝታቸው ይገባሉ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ላይ ከአየር ሲወርድ ጉልበቱ ዞረበት። ሁለት ጊዜ ተቀደደ፣ ሁለት ጊዜ ተሰፋ፤ ክለቡም አመስግኖ አሰናበተው። ጋሽ ሀይሌ ሆስፒታል መጡና አልጋው ጎን ተቀምጠው፣ "አሁንስ ትማራለህ?" አሉት። እሺ አላቸው። አልተማረም።

ከዚያ ከዳላስ ለሠርግ ከመጣች ነርስ ጋር ተዋወቀ፤ ሰብለወርቅ ናት። ተከትሏት እዚህ መጣ። ሌዊስቪል ካሉት ትላልቅ መጋዘኖች አንዱ ውስጥ በፎርክሊፍት ዕቃ በማንሳት ጀምሮ ዛሬ የሺፍት ሱፐርቫይዘር ሆኗል። ሁለት ልጆች፣ ጓሮ ያለው ቤት፣ መልካም ሚስት። ምን ጎደለህ ብትሉት የሚናገረው የለውም ነበር፤ እኔ ግን ጠየቅኩት።

"አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ቁጭ ብለው ቢያዩኝ" አለኝ። "ጎበዝ እንዲሉኝ አይደለም። እንዲያዩኝ ነው።"

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው እንግዲህ! የእኔ አባት እኔን ያየኝ ሲቆጣኝ ብቻ ነው፤ እኔ ደህና ኖሬያለሁ። እንዲህ ልለው ነበር፤ ዋሽቼ እንዳይሆን ብዬ ተውኩት።

አምና ሐምሌ ላይ ጋሽ ሀይሌ ለሦስት ወር ከሜልበርን ዋይሊ መጡ። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ሙቀት ኮት የሚለብሱ፣ ቀጥ ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ወዲያው ተስማማን፣ ማለቴ እኔ አወራሁ፣ እሳቸው ሰሙ። ኤልዳድ ደግሞ እንደ ሕፃን ሆነ። በዚያው ሰሞን ሐኪሙ ጉልበቱን አይቶ ከዚህ ዓመት በኋላ አትጫወትም ብሎት ነበር። ሶ፣ ሁሉም ነገር በእነዚህ ሦስት ወሮች ውስጥ ነው፤ ከሆነ ሆነ፣ ካልሆነ ቀረ።

በየሳምንቱ አርብ ራት ላይ፣ "አባዬ፣ ነገ ይመጣሉ?" ይላል። እሳቸው፣ "ሙቀቱ አይሆነኝም።" ሲቀጥል፣ "ወገቤን።" ሲቀጥል፣ "ከልጆቹ ጋር ልዋል።" አንድ አርብ እኔም ማዕዱ ላይ ነበርኩ፤ ልናገር ቃጣኝ። ሰብለወርቅን አየኋት፤ እሷ ሳህኗን ታያለች። ይህቺ ሰው እንዴት አንድ ቃል አትናገርም? ብዬ በእሷም ተናደድኩ። መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ ኤልዳድ መጠየቁን ተወ። ከመጠየቁ ይልቅ መተዉ ነው እኔን ያቃጠለኝ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። እሁድ ጠዋት ጋሽ ሀይሌ ይበርራሉ። ኤልዳድ ቀድሞ ወደ ፍሪስኮ ሄዷል። እኔ ማንም ሳይልከኝ ዋይሊ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ፤ ጋሽ ሀይሌ ሳሎን ውስጥ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል።

"ጋሽ ሀይሌ፣ ይነሱ" አልኳቸው።

"ወዴት?"

"ያውቁታል ወዴት እንደሆነ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሽማግሌ አከብራለሁ፣ ዛሬ ግን አላከብርም። ያ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቅዎታል። ትንሽ አያሳዝንዎትም? ልብ አለዎት?"

ሰብለወርቅ ኩሽና በር ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ሀይሌ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ክንድህን ስጠኝ" አሉኝ በመጨረሻ።

ፍሪስኮ ስንደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። ታጣፊ ወንበር ዘርግቼ ከመስመሩ ዳር አስቀመጥኳቸው። ኤልዳድ ከሩቅ አየን። ቆመ። ጨዋታው በጎኑ እያለፈ እሱ ቆሞ ያየናል፤ ጓደኞቹ ስሙን እየጠሩ ጮኹበት። እጄን አወዛወዝኩለት፤ ደስ ብሎኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

"የቱ ነው?" አሉ ጋሽ ሀይሌ።

"ሰባት ቁጥር። ያውና፣ ፊት ለፊትዎ፣ ረጅሙ።"

"አይታየኝም።"

"ፀሐይዋ ናት፤ ኮፍያዬን ላድርግልዎት?"

"ፀሐይ አይደለም፣ ንዋይ። ግላኮማ ነው። የግራው ካለቀ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። የቀኙ አጠገቤ ያለ ነገር፣ ፊት ለፊቴ ከሆነ፣ ያያል። ከዚያ ያለፈው ጭጋግ ነው።"

ሦስት ወር ሙሉ! "ኤልዳድ አያውቅም?" አልኳቸው።

"ሰብለወርቅ ነርስ አይደለች? በሳምንቱ ደረሰችብኝ። እንዳትነግረው አስምያታለሁ። ያኔ ና ሲለኝ አልሄድኩ፤ ዛሬ ዓይኔ ጠፍቶ ልይህ ልበለው?" እጃቸው የወንበሩን ክንድ ይዳብሳል። "ተቆጥተህ አመጣኸኝ። እንግዲህ አንተ እይልኝ።"

እኔ! ሕጉን እንኳ በቅጡ የማላውቅ ሰው! ግን ጀመርኩ።

"እሺ፣ ኳሷ መሀል ናት። አንድ ቀይ ጺም ያለው መታት። ወጣች፣ ወጣች... ሌላው ያዛት። አሁን ተረባረቡበት።"

"ስንት ናቸው?"

"ምን አውቄ፣ ጋሽ ሀይሌ፣ ክምር ብለዋል!"

"ቁጠር።"

ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው። ከዚያ ኤልዳድ ከጎሉ ስንት እርምጃ ላይ እንደቆመ፣ ከፊቱ ያለው ልጅ በቁመት ምን ያህል እንደሚያንስ፣ ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ጠየቁኝ። ላቤ ጠብ አለ። በዚህ መሀል አንዱ ረጅም ኳስ መታ፤ ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ "ማርክ!" የሚለው ጩኸት ሜዳውን ሞላው።

"ምንድን ነው የሚሉት?" አሉኝ።

"ማርክ ነው የሚሉት።"

"ስንት አመጣ?"

በሳቅና በለቅሶ መሀል ሆንኩ። "ጋሽ ሀይሌ፣ የትምህርት ቤቱ አይደለም! ማረከ፣ ይማርካል፣ ማርክ! ያዛት፣ የራስህ አድርጋት እያሉት ነው!"

"ማርክ" አሉ ቀስ ብለው። ቃሏን አገላበጧት። "ትእዛዝ ነው ማለት ነው?"

"ትእዛዝ ነው!"

ይህንን ስንባባል ሌላ ረጅም ኳስ መጣ፤ ኤልዳድ ተነሳ። ያ የተሰፋ ጉልበት ምን እንደነካው እንጃ፤ ሁለት ሰው ላይ ተንጠላጥሎ ወጣና ኳሷን ከሰማይ አወረዳት። "ያዛት! ጋሽ ሀይሌ፣ ማረካት!" ብዬ ጮኽኩ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሱ። ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ "ማርክ ልጄ! ማርክ!" አሉ። ዘግይተዋል፤ ኳሷ እጁ ከገባች ቆይታለች። እሱ ግን ሰማ። ያንን ድምፅ ከሌላው ጩኸት ሁሉ ለይቶ ሰማው።

ከዚያ ወዲያ አልተቀመጡም። ሰው በጮኸ ቁጥር ይጮኻሉ። የሌላው ቡድን ሲይዝም "ማርክ ልጄ!" ይላሉ፤ ዳር የቆሙት ፈረንጆች ይስቃሉ። እኔም ዝም አላሰኘኋቸውም። ኤልዳድ ግን ወደ መጨረሻው አካባቢ በጨዋታ መሀል ዞር እያለ ያየን ጀመር፤ በተለይ ያለቦታው ሲጮኹ።

ጨዋታው አለቀ። እያነከሰ፣ ሳር በሳር ሆኖ፣ ወደ እኛ መጣ። "አይተውሃል በለው" አሉኝ ጋሽ ሀይሌ በፍጥነት።

"አባዬ፣ አዩኝ?"

"አየሁህ።"

ኤልዳድ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደና ዝም ብሎ ቆመ። የአባቱ ዓይን ቅድም የነበረበትን ቦታ እያየ ቀረ። ኤልዳድ ወደ እኔ ዞረ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ።

ጋሽ ሀይሌ ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ። "አራት ዓመት ሊሆነው ነው" አሉ።

"ከዚያ በፊትስ?"

ጋሽ ሀይሌ የኮታቸውን ጫፍ ይዳብሱ ጀመር።

"ከዚያ በፊት ያዩ ነበር፣ አባዬ። እኔ ስጫወት ዓይንዎ ደህና ነበር። መስኮት ላይ አንዲት ነጥብ አታመልጥዎትም ነበር።" ድምፁ ተሰበረ። እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

የሥራ ነገር ነው፣ ድካም ነው የሚሉ መስሎኝ ነበር፤ ማንም ሰው የሚለውን። አላሉም። "አታመልጠኝም ነበር" አሉ። "ዓይን ሳለኝ አላየሁህም። ጥፋቱ የዓይኔ አይደለም።"

ኤልዳድ ጥሎን ሄደ። መኪናው ድረስ ሄዶ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ። ተጫዋቾቹ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ይሄዳሉ። እኔ በመሀል ቤት ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ቅድም ለምን አልተውኳቸውም እያልኩ ራሴን እረግማለሁ። ጋሽ ሀይሌ እንደቆሙ ናቸው፤ ተቀመጡ ብላቸው አልሰሙኝም። ብዙ ቆይቶ ተመለሰ። አባቱን በትከሻቸው ይዞ ወንበራቸው ላይ አስቀመጣቸውና እግራቸው ሥር ሳሩ ላይ ተቀመጠ፤ የታመመውን እግሩን ዘርግቶ።

"እሺ" አለ። "የዛሬውን ልንገርዎት። መጀመሪያ ላይ..."

"የዛሬውን ንዋይ ነግሮኛል፤ ባይሆንለትም። የድሮውን ንገረኝ።"

"የቱን?"

"ሁሉንም። አስራ አራት ናቸው አይደል? ከመጀመሪያው ጀምር።"

አስራ አራት መሆናቸውን እኔ አልነገርኳቸውም። ኤልዳድም እንዳልነገራቸው ከፊቱ አየሁ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"የመጀመሪያው ቀን ዝናብ ነበር" አለ።

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ ጋሽ ሀይሌ። "መጀመሪያ እኔን አስቀምጠኝ። መጥቼ ቢሆን ኖሮ የት ነበር የምቀመጠው?"

ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደበትም። "ከአጥሩ ሦስተኛው ረድፍ፣ መተላለፊያው ዳር። አስራ አራቱንም ጊዜ ትኬትዎ እዚያ ነበር።"

"ከዚያ ሆኜ ትታየኛለህ?"

"በደንብ እታይዎታለሁ፣ አባዬ።"

ጋሽ ሀይሌ የኮታቸውን ቁልፍ ዘጉና ወንበሩ ላይ ተስተካከሉ።

"በል፣ ተቀምጫለሁ" አሉት። "ጀምር።"